ሐሳብ ሳይኖር ሰውን ማመን፦ ከርቢ እስከ አክስለሬተር፣ ከሰቆጣ አንጻር የታየ ታሪክ

(ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ የሕዝብ ገለጻ። ንግግሩ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)



 የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ለታሪክ መምህር እንግዳ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ስለ ስታርታፕና ስለ አክስለሬተር የሚናገሩት ብዙውን ጊዜ የንግድ ሥራ አመራርና የኮምፒውተር ሳይንስ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ከስሙ በስተጀርባ ያለው ጥያቄ ከስሙ እጅግ የቀደመ ነው፤ በገዛ አገራችን ታሪክም ከአንድ በላይ መልስ ተሰጥቶበታል። ጥያቄው ይህ ነው፦ ገና ምን እንደሚሠራ ላላወቀ ወጣት ሀብቱን አምኖ የሚሰጠው ማን ነው? በምን ዋስትና ይሰጠዋል? ሥራው ቢከሽፍስ ጉዳቱ በማን ላይ ይወድቃል?

ሦስቱን ጥያቄዎች ከዋግ ኽምራ ደጋና ቆላ፣ በተለይም ከሰቆጣ ዙሪያ ሆኜ ልመለከታቸው እሞክራለሁ። ይህን አካባቢ የመረጥሁት የትውልድ መንደሬ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ዋግ ስሙ በተነሣ ቁጥር ድርቅና እርዳታ አብረው ይነሣሉ፤ የንግድና የመተማመን ታሪኩ ግን ብዙም አይነገርም። ለወጣቶቹ ገንዘብ እንስጥ የሚለው ክርክር ዛሬ ሲካሄድ፣ ይህ ያልተነገረው ታሪክ ሊመሰክር የሚገባው ነገር አለ።

የዘመኑ ልማድ

መጀመሪያ አዲስ የሚባለውን ነገር እንወቀው። እ.ኤ.አ. በ2005 ፖል ግራሃም፣ ጄሲካ ሊቪንግስተን፣ ሮበርት ሞሪስና ትሬቨር ብላክዌል የተባሉ ሰዎች በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ዋይ ኮምቢኔተር የተሰኘውን ድርጅት መሠረቱ። አሠራሩ ቀላል ነበር። ወጣቶችን በአንድ ክረምት በአንድነት ይቀበላል፤ ለእያንዳንዱ መሥራች 6000 ዶላር ገደማ ይሰጥ ነበር፤ በሳምንት አንድ ጊዜ በእራት ይሰበስባቸዋል፤ በመጨረሻም ባለሀብቶች ፊት ያቀርባቸዋል። በምላሹ ከሚመሠረተው ኩባንያ ጥቂት በመቶ ድርሻ ይወስዳል። ድርሻ እንጂ ወለድ አለመሆኑን ልብ በሉ፤ ወደዚህ ነጥብ እመለስበታለሁ።

ከመጀመሪያው ዙር ተቀባዮች መካከል ሁለት ወጣቶች ይዘውት የመጡት ሐሳብ በእጅ ስልክ ምግብ ማዘዝ ነበር። መራጮቹ ሐሳቡን አልወደዱትም፤ ልጆቹን ግን ወደዷቸው። ሌላ ሐሳብ ይዛችሁ ኑ ተብለው ተመለሱ፤ ከዚያም ሬዲት የተባለውን ታዋቂ ድረ ገጽ ሠሩ። ይህ አጋጣሚ በኋላ ሥርዓት ሆነ። በ2012 ድርጅቱ ምንም ሐሳብ የሌላቸው ቡድኖችም እንዲያመለክቱ ፈቀደ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ለንደን ላይ የተመሠረተው ኢንተርፕረነር ፈርስት ደግሞ ነገሩን ወደ ጫፍ ወስዶት ነበር፤ የሚመለምለው ሐሳብም የሥራ ባልንጀራም የሌላቸውን ግለሰቦች ነው፤ ባልንጀራውንም ሐሳቡንም የሚያገኙት ከገቡ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲንጋፖር ላይ የተመሠረተው አንትለርም ይህንኑ መንገድ ተከትሎ እስከ ናይሮቢ ደርሷል።

የዚህ አሠራር አመክንዮ እንዲህ ነው። ሐሳብ ይለዋወጣል፤ ሰው ግን ይቀራል። ከብዙዎቹ ኩባንያዎች አብዛኞቹ ይከስራሉ፤ አንዱ ወይም ሁለቱ ግን እጅግ ያድጉና የሌሎቹን ኪሳራ ሁሉ ይሸፍናሉ። ስለዚህ ሰጪው ገንዘቡን የሚያስመልሰው ከእያንዳንዱ ተቀባይ ሳይሆን ከመላው ስብስብ ነው። የከሰረው ወጣት ዕዳ የለበትም፤ ነገ ሌላ ሥራ ለመሞከር ነጻ ነው።

ሐሳብ የጋራ በነበረበት ዘመን

አሁን ወደ ሰቆጣ እንመለስ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰቆጣ የዋግሹሞች መቀመጫ ብቻ አልነበረችም፤ በሰሜን ኢትዮጵያ ከታወቁት የጨው ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከአፋር ዝቅተኛ ሜዳ ተቆርጦ የሚወጣው አሞሌ በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ወደ ደጋው ይወጣል፤ ሰቆጣ ላይ እጅ ይለውጣል፤ ከዚያም ወደ ላስታ፣ ወደ በጌምድርና ከዚያም ወዲያ ይሄዳል። አሞሌ ሸቀጥም ገንዘብም ነበር። በአንድ ማርያ ቴሬዛ ብር የሚገዛው የአሞሌ ብዛት ለጨው ሜዳው ሲቀርብ ይበዛል፤ ሲርቅ ያንሳል። የነጋዴው ትርፍ ያለው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው።

እንግዲህ አንድ የዋግ ወጣት ሲራራ ነጋዴ ለመሆን ቢነሣ ምን ያስፈልገው ነበር? ሐሳብ አያስፈልገውም ነበር። ሐሳቡ በእያንዳንዱ ጎጆ የታወቀ ነው፤ በርካሽ ከሚገኝበት ገዝቶ በውድ በሚሸጥበት መሸጥ። የሚያስፈልገው የጭነት እንስሳ፣ መንገዱን የሚያውቅ ጓደኛ፣ በየኬላው ቀረጥ ሲጠየቅ የሚከፍለው፣ እንዲሁም ስሙን የሚጠራለት ዋስ ነበር። ሐሳብ የጋራ ሀብት ነበር፤ እጥረቱ የመነሻ ጥሪትና የሰው ነበር።

ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ስለ ወጣቶች ሥራ አጥነት በሚደረጉ ስብሰባዎች ሁሉ "ወጣቱ የፈጠራ ሐሳብ የለውም" የሚል ክስ እንሰማለን። የዋግ ኢኮኖሚ ታሪክ የሚለው ሌላ ነው። የአበርገሌ ፍየል፣ የዋግ ነጭ ማር፣ ከተከዜ ግድብ ወዲህ ደግሞ የሐይቁ ዓሣ፣ ሁሉም የታወቁ ሐሳቦች ናቸው። ሐሳቡ በእጃቸው እያለ ያልጀመሩ ወጣቶች ብዙ ከሆኑ፣ መጠየቅ ያለብን ሌላ ነገር ጎድሎ እንደሆነ ነው።

ርስት፣ ርቢና እቁብ

ታሪካችን ለጀማሪ ወጣት የሰጠው የመጀመሪያው መነሻ መሬት ነው። በርስት ሥርዓት ልጅ ከአቅኚው አባት የሚወለድ መሆኑን ካስመሰከረ ድርሻውን መጠየቅ ይችላል፤ ማንም ምን ልትዘራበት ነው ብሎ አይጠይቀውም። እርግጥ ሥርዓቱ ሙግት የበዛበት፣ ጉልተኛውን ያደለበ፣ በእደ ጥበብ የሚተዳደሩትንና ሴቶችን ብዙ ጊዜ የገፋ ነበር፤ ላሞካሸው አልፈልግም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የትውልድን መብት ሽሮ በነዋሪነት መብት ተካው። መርሁ ግን ቀጠለ፤ ጀማሪ ገበሬ መሬት የሚያገኘው ዕቅድ አቅርቦ ሳይሆን የማኅበረሰቡ አባል በመሆኑ ነው። ይህ በር የተዘጋው ከዚያ በኋላ ነው። በአማራ ክልል ከ1989ኙ ድልድል ወዲህ አጠቃላይ የመሬት ድልድል አልተደረገም። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ለአቅመ ሥራ የደረሰው ትውልድ፣ አያቶቹ ያለ ሐሳብም ያገኙት የነበረውን መነሻ ከወላጁ ጠባብ ማሳ ላይ ካልተካፈለ በቀር ሊያገኘው አይችልም።

ሁለተኛው መነሻ ርቢ ነው። በከተማ ያደጋችሁ ተማሪዎች ላታውቁት ስለምትችሉ ላስረዳ። ከብት ያለው ሰው ላም ወይም ፍየል ለሌለው ሰው በርቢ ይሰጣል። ተቀባዩ ያግዳል፣ ያበላል፣ ያዋልዳል፤ የሚወለደውን ግን ባለቤቱና ጠባቂው በስምምነታቸው መሠረት ይካፈሉታል። ወተቱም እንደ ስምምነቱ ነው። ዝርዝሩ ከቦታ ቦታ ቢለያይም መሠረቱ አንድ ነው፤ እንስሳው ያለ ጠባቂው ጥፋት ቢሞት፣ ጠባቂው ቆዳውን አምጥቶ ያሳያል እንጂ ዋጋውን አይከፍልም። ድካሙ ቀርቶበታል፤ ባለቤቱም ከብቱ ቀርቶበታል፤ ሁለቱም ከስረዋል። በማግስቱ ግን ጠባቂው ባለዕዳ ሆኖ አይነሣም።

ይህን ውል ከዋይ ኮምቢኔተር ውል ጎን አስቀምጡት። በሁለቱም ሰጪው የሚወስደው ድርሻ ነው፤ በሁለቱም ተቀባዩ የሚያዋጣው ጉልበቱንና ትጋቱን ነው፤ በሁለቱም ያልታሰበ ኪሳራ የሰጪው ነው። ልዩነታቸው የትርፉ መጠን ነው። ፍየል መንታ ልትወልድ ትችላለች፤ አንድ ሺህ ግን አትወልድም። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለምና ኋላ ላይ ሒሳቡን እናወራርዳለን።

ሦስተኛው እቁብ ነው። በእቁብ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ምን ሊያደርግበት እንደሆነ አይጠየቅም። ዳኛው የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዋስህ ማን ነው? ዕጣው ቀድሞ የደረሰው በተግባር ተበዳሪ ነው፤ መጨረሻ የደረሰው ደግሞ ቆጣቢ ነው። ሐሳብ ሳይመረመር ገንዘብ ይሰጣል፤ የሚመረመረው ሰውየው ነው። ነገር ግን እቁብ መግቢያ አለው፤ በየሳምንቱ የሚጣል ገንዘብ ያለው ሰው ብቻ ይገባል። ምንም የሌለውን አያስጀምርም፤ የጀመረውን ያበረታል።

እምነት ዕዳ ሲሆን

አራተኛው መነሻ የዘመናችን ነው፤ እርሱም ብድር ነው። በ1988 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 40 የአነስተኛ ብድር ተቋማትን ሕጋዊ መሠረት ሰጣቸው። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በዚህ አዋጅ መሠረት በ1989 ዓ.ም. ፈቃድ አግኝቶ በመላው ክልሉ ቅርንጫፍ ዘረጋ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ጸደይ ባንክነት እስከ ተሸጋገረበት ጊዜ ድረስ ባንክ ደርሶባቸው በማያውቅ የገጠር ወረዳዎች ለብዙ ሰዎች የመጀመሪያው የገንዘብ ተቋም ነበር። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም። የአራጣ አበዳሪን ደጅ ከመጥናት ብዙዎችን አድኗል።

ቤትና ንብረት ለማስያዝ የማይችል ሰው የተበደረው በቡድን ዋስትና ነበር። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይላል የአገራችን ሰው። የቡድን ዋስትና ግን ይህን ብሂል በግማሹ ብቻ ነው የወሰደው። ሸክሙን አካፈለ፤ ሎሚው ቢበሰብስ ግን ሃምሳውም ዋጋውን ይከፍላሉ። ድርቅ ደግሞ የአንዱን ቤት መርጦ አይመታም። የአንዱ ፍየል በሚሞትበት ዓመት የዋሱም ፍየል ይሞታል። ዋስትናው በሰላሙ ጊዜ ጠንካራ ነው፤ በተፈለገበት ቀን ግን ሁሉም አብሮ ይወድቃል። ለዋግ ዓይነቱ ዝናብ አጠር አገር ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም።

በ1997 ዓ.ም. የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር የዋግ ኽምራ ወረዳዎችም ተካተቱ። ከፕሮግራሙ ጎን ለጎን "የቤተሰብ ፓኬጅ" የሚባል ብድር ነበር፤ ማድለብ፣ ንብ ማነብ፣ ዶሮ ርባታ እየተባለ ተዘጋጅቶ የሚመጣ። ይህን አሠራር ከአክስለሬተሩ ጋር ስናነጻጽረው ፍጹም ተገልብጦ እናገኘዋለን። አክስለሬተሩ ሰውን መርጦ ሐሳቡን ይጠብቃል፤ ፓኬጁ ሐሳቡን መርጦ ሰውን ይጠብቃል። አክስለሬተሩ ኪሳራውን ራሱ ይወስዳል፤ ፓኬጁ ኪሳራውን ለተቀባዩ ይተዋል። ገበሬው ያልመረጠውን በግ ተበድሮ ገዝቶ፣ በጉ በሞተ ጊዜ ዕዳው ከእርሱ ጋር ይቀራል። በፓኬጅ ብድር ዕዳ ውስጥ የገቡ ቤተሰቦች ጉዳይ ፕሮግራሙን በገመገሙ ጥናቶች ውስጥ በተደጋጋሚ ተነሥቷል።

በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ከብዙ የወጣቶች ተቃውሞ በኋላ የፌዴራሉ መንግሥት 10 ቢሊዮን ብር የተመደበለት የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በአዋጅ አቋቋመ። ስሙን ልብ በሉ፤ ተዘዋዋሪ ነው። አንዱ ካልመለሰ ለሌላው አይዞርም። ወጣቶቹ በቅድሚያ ተደራጁ ተባሉ፤ ከተደራጁ በኋላ የሥራ ዕቅድ አቅርቡ ተባሉ። እንግዲህ በቅርጹ ኢንተርፕረነር ፈርስት ከሚያደርገው ጋር ይመሳሰላል፤ መጀመሪያ ሰው፣ ከዚያ ቡድን፣ ከዚያ ሐሳብ። ነገር ግን ሐሳቡን ለመፈለግ የተሰጠ ጊዜም ገንዘብም አልነበረም። ውጤቱን በየከተማው አይተነዋል። በጽሕፈት ቤቶች ስም ብቻ እየተቀየረ የሚታተም ፕሮፖዛል፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ አባላት፣ ገንዘቡ በተለቀቀ ማግስት የሚፈርስ ማኅበር። ወጣቶቹን ሰነፎች ማለት ቀላል ነው። እኔ የማየው ግን ሌላ ነው። ሐሳብ የሌለው ሰው ሐሳብ አለኝ ብሎ እንዲፈርም የሚያስገድድ ሥርዓት፣ የሚያገኘው ፊርማ እንጂ ሐሳብ አይደለም።

ሁለት ሙከራዎች

ክርክሩን በግምት እንዳናካሂደው የሚረዱን ሁለት ጥናቶች ከዚሁ ከአገራችን አሉ።

የመጀመሪያው ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በኢትዮጵያ ያካሄዱት ነው። በአምስት ድርጅቶች ለፋብሪካና ለእርሻ ሥራ ያመለከቱ 1000 ያህል ሰዎችን በዕጣ በሦስት መደቡ። ለአንዱ ክፍል ያመለከቱበት ሥራ ተሰጠ፤ ለሁለተኛው የአምስት ቀን ሥልጠናና ወደ 300 ዶላር የሚጠጋ ስጦታ ተሰጠ፤ ሦስተኛው ማነጻጸሪያ ሆነ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች ያመለከቱት ለቅጥር ነው፤ ነጋዴ የመሆን ዕቅድ ይዘው አልመጡም። ለርእሳችን ከዚህ የቀረበ ሙከራ አላውቅም። በአንደኛው ዓመት መጨረሻ ስጦታ የተቀበሉት ገቢ ከማነጻጸሪያው ቡድን በ33 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ። ቅጥር ካገኙት ውስጥ ግን አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላቸው ሥራውን ለቀዋል። ሐሳብ ሳይኖረው ገንዘብ የተሰጠው ሰው ሐሳብ አገኘ ማለት ነው።

ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። ተመራማሪዎቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲመለሱ በሦስቱ ቡድኖች መካከል የነበረው ልዩነት ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር። የአንድ ጊዜ ገንዘብ ጅምሩን አፋጠነው፤ መድረሻውን ግን አልለወጠውም። ይህን ውጤት አክስለሬተር ለሚያስፋፋው ወዳጄም ለሚቃወመው ወዳጄም እኩል አነብለታለሁ፤ ሁለቱም ግማሹን ብቻ መስማት ይወዳሉና።

ሁለተኛው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣው፣ በስድስት አገሮች 10495 ሰዎችን ያቀፈው ነው። አንዱ የጥናት ቦታ የዋግ ጎረቤት በሆነው ትግራይ ውስጥ ነበር። በዚህ ሙከራ እጅግ ድሃ ለሆኑ ቤተሰቦች የሚያረባ ሀብት፣ ብዙውን ጊዜ እንስሳ፣ በስጦታ ተሰጣቸው፤ ለተወሰነ ጊዜ የቀለብ ድጋፍ ተደረገላቸው፤ ሥልጠና፣ ቁጠባና የዘወትር ጉብኝት ታከለበት። ፕሮግራሙ ካበቃ ከዓመት በኋላም ጥቅሙ በአብዛኛው ጸንቶ ተገኘ። እዚህ ላይ የተሰጠው እንስሳው ብቻ አልነበረም፤ እንስሳውን ሳያርዱና ሳይሸጡ ክፉውን ወር ማሳለፊያ ቀለብ፣ በየጊዜው የሚጠይቅ ሰው፣ ዕዳ አለመኖሩ፣ ሁሉም በአንድነት ነው።

ኪሳራው የማን ነው?

አሁን ወደ ገባሁት ቃል ልመለስ፤ የሒሳቡ ጉዳይ። ብልህ ተማሪ እንዲህ ሊጠይቀኝ ይገባል፦ "መምህር፣ ካሊፎርኒያ ያለው ሰጪ ኪሳራውን የሚሸከመው ከመቶ አንዱ ሺህ እጥፍ ስለሚያተርፍለት ነው። የሰቆጣ የማር ማኅበር ሺህ እጥፍ አያተርፍም። ታዲያ የዘጠና ዘጠኙን ኪሳራ ማን ይከፍላል?"

ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱም አክስለሬተርን እንዳለ ገልብጦ ሰቆጣ ላይ መትከል አይቻልም የሚል ነው። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተው አይስአዲስ፣ ኋላም ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን የመሠረቱት ብሉሙን፣ የዚህን ዓለም ልማድ ወደ አገራችን በማምጣት ፈር ቀደዋል። ነገር ግን የድርሻ ሒሳብ የሚሠራው ሥራው በፍጥነት በሚበዛበት፣ ኢንተርኔትና መብራት በማይቋረጥበት፣ ድርሻን መሸጥ በሚቻልበት ቦታ ነው። ሰቆጣ ገና ከጦርነት ማግስት ናት። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቆየው የሰሜኑ ጦርነት ዋግ ኽምራ የጦር ሜዳ ሆኖ ሕዝቡ ተፈናቅሏል፤ ወዲያው በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ድርቅ አግኝቶታል። እዚህ አገር ላይ ከግል ባለሀብት ሺህ እጥፍ ትርፍን ተስፋ አድርጎ የሚመጣ ገንዘብ መጠበቅ ራስን ማታለል ነው።

ይህ ማለት ግን የቀረልን መንገድ ብድር ብቻ ነው ማለት አይደለም። አያቶቻችን የፍየሏ ትርፍ ውሱን መሆኑን ያውቁ ነበር፤ ሆኖም ጠባቂውን ባለዕዳ አላደረጉትም። ያደረጉት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ድርሻው ከሚወለደው ላይ ነው፤ ካልተወለደ አይከፈልም። ሁለተኛ፣ ባለጸጋው ከብቱን በተለያየ ቀበሌ፣ ከደጋም ከቆላም በርቢ ይበትናል፤ አንዱ ቦታ ሲደርቅ ሌላው ይተርፋል። ይህ የዘመኑ ባለሙያዎች ሥጋትን መበተን የሚሉት ነው፤ በአንድ ጎጥ ከተወሰነው የቡድን ዋስትና የሚበልጠውም በዚህ ነው። ሦስተኛ፣ የሚመረመረው ዕቅዱ ሳይሆን ሰውየው ነው፤ የሚመረምሩትም አብረውት የኖሩት ናቸው።

እንግዲህ ለዋግ ወጣቶች የሚታሰብ የመነሻ ገንዘብ ይህን ቅርጽ ቢይዝ ብዬ እከራከራለሁ። ሐሳብ ለመፈለጊያ የሚሆን ጊዜና ቀለብ በስጦታ ይሰጥ። ሥራው ሲጀመር የሚሰጠው ገንዘብ ከገቢው ላይ በድርሻ የሚመለስ፣ የተሰጠው መጠን ከነመጠነኛ ጭማሪው ሲሞላ የሚያበቃ ይሁን። ድርቅ ወይም ጦርነት ያጠፋው በቆዳው እየታየ ይሰረዝ። የሚሰረዘውን ደግሞ ሕዝቡ በጋራ ይሸከመው፤ ማለትም መንግሥት በበጀቱ፣ የአገር ተወላጁም በመዋጮው። መንገድና ትምህርት ቤት ሲሠራ ትርፉን ከእያንዳንዱ ተማሪ አንጠይቅም፤ ለጀማሪ ወጣት የሚወጣውም ከዚሁ ወገን የሚቆጠር ወጪ ነው።

ይህ ሲባል አደጋው አይታየኝም ማለት አይደለም። የማይመለስ ገንዘብ የዘመድ መጥቀሚያ ሊሆን ይችላል፤ ምርመራው ለሰው ሲሆን አድልዎ በቀላሉ ይገባል። ርቢም ለተጠላ ሰው አይሰጥም ነበር፤ ለመጤና ለሴት ባላባወራ ሲነፈግ ማየት የተለመደ ነበር። ስለዚህ ከልማዱ የምንወስደው የውሉን ፍትሕ እንጂ የመራጮቹን ማንነት አይደለም። ብላትማንና ደርኮን ያደረጉት ነገር እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ ብቁ ከሆኑት መካከል ዕጣ ማውጣት። ዕጣ ደግሞ እቁብ ለሚጥል ሕዝብ እንግዳ አይደለም።

የሰቆጣ ቃል ኪዳን

ከመዝጋቴ በፊት የከተማዋን ስም ስለተሸከመው አንድ ሰነድ ልናገር። ሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተባለውን ውሳኔ ይፋ አደረገ፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር ለማስወገድ። የመጀመሪያው ምዕራፍ በተከዜ ተፋሰስ ወረዳዎች የተጀመረ ሲሆን የፈጠራ ምዕራፍ ተብሎ ተሰየመ። መንገዱ ሁሉ አስቀድሞ እንደማይታወቅ፣ በተግባር እየተሞከረ እንደሚገኝ አምኖ የተነሣ ምዕራፍ ነበር። በፖሊሲ ታሪካችን እንዲህ ያለ አነጋገር ብዙ አይደለም። መጀመሪያ ቃል ተገባ፤ ከዚያ ዘዴ ተፈለገ።

የቃል ኪዳኑ መሠረት በሕይወት የመጀመሪያዎቹ 1000 ቀናት ላይ ነው። በእነዚህ ቀናት ለእናትና ለልጅ የሚሰጠውን ምግብ፣ ንጹሕ ውኃና ክትትል ማንም ብድር ብሎ አይጠራውም። ሕፃኑ ምን ሊሠራ እንዳሰበ የሚጠይቀውም የለም። ሐሳብ ከመኖሩ በፊት በሰው ላይ ሀብት ማፍሰስ ትክክል መሆኑን በዚህ ዕድሜ ላይ ሁላችንም ተስማምተናል። የዛሬ ጥያቄዬ፣ ይህ ስምምነት በሁለት ዓመቱ ለምን ያበቃል የሚል ነው። ያ ሕፃን 20 ዓመት ሲሞላው መሬት የለውም፤ በርቢ የሚሰጠው ባለከብት ድርቅና ጦርነት አራቁተውታል፤ የቀረው መንገድ ወይ በዕዳ መጀመር፣ ወይ ወደ ሁመራና መተማ የሰሊጥ እርሻ መውረድ፣ ወይ ባሕር መሻገር ነው። አገር ለ1000 ቀናት ያመነውን ልጅ፣ ጉልበቱ በጠናበት ቀን ማመን ካቃተው፣ ያፈሰሰውን ሀብት ፍሬ የሚሰበስበው ሌላ አገር ነው።

ተማሪዎቼ ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ይዛችሁ እንድትወጡ እፈልጋለሁ። ስለ ወጣቶች ፈንድ፣ ስለ አክስለሬተር፣ ስለ ፈጠራ ማዕከል አዲስ ዜና በሰማችሁ ጊዜ፣ ስንት ብር ተመደበ የሚለውን ከመጠየቃችሁ በፊት ቢከስር ማን ይከፍላል ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ "ወጣቱ" ከሆነ፣ ስሙ ምንም ቢሆን ነገሩ ብድር ነው። በተለይ ከዋግና ከአካባቢው የመጣችሁ ተማሪዎች ሌላ ሥራም አለባችሁ። የርቢ ውሎች፣ የእቁብ ደንቦች፣ የጨው ነጋዴዎች የመተማመን ልማዶች በአማርኛም በኽምጣኛም በሽማግሌዎቻችን ቃል ውስጥ ብቻ የቀሩ ናቸው። ለመመረቂያ ጥናት ርእስ አጣን የምትሉ፣ አያቶቻችሁ ቤት ሄዳችሁ ፍየሏ ስትሞት ምን ይደረግ እንደነበር ጠይቁ። የሚነግሯችሁ ነገር ነገ በሕግ አርቃቂዎች ጠረጴዛ ላይ ሊቀመጥ የሚገባው ነው።

 ለጥያቄና ለተቃውሞ ዝግጁ ነኝ።